14 ካሴቶች ተልከው ሲመለሱ፦ የቆዩ ቅጂዎችን ወደ ዲጂታል የሚቀይር አገልግሎት ግምገማ

ከወላጆቻችን ቤት በወጣ አንድ ካርቶን ውስጥ 9 የቪዲዮ ካሴቶችና 5 የድምፅ ካሴቶች ነበሩ። በቪዲዮዎቹ ላይ አባቴ ከቴሌቪዥን የቀዳቸው ጥቁርና ነጭ ፊልሞች፣ የመድረክ ሙዚቃ ትርኢቶችና በየሳምንቱ ቀን ቆጥረን የምንጠብቃቸው ተከታታይ ድራማዎች አሉ፤ በድምፅ ካሴቶቹ ላይ ደግሞ ታላቅ እህቴ ሬዲዮ ሥር ቁጭ ብላ አንድ በአንድ እያደነች የቀዳቻቸው የዚያ ዘመን ተወዳጅ ዘፈኖች። የቪዲዮ ዴካችን ሥራ ካቆመ ብዙ ዓመት ስለሆነው ካርቶኑ ሳይከፈት ቁም ሣጥን ላይ ኖሯል። በመጨረሻ የቆዩ ካሴቶችን ወደ ዲጂታል ፋይል ለሚቀይር አንድ አገልግሎት ሰጠኋቸው፤ ከሰባት ሳምንት በኋላም ካሴቶቹን ከነፋይሎቻቸው ተረከብኩ። የተሰጠኝን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼና ሰምቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ይህን የምጽፈው።

ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ይህ አገልግሎት ካሴትን እንደ ዕቃ በመንከባከብ ረገድ ከጠበቅኩት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በካሴቱ ላይ ያለውን ነገር በመረዳት ረገድ ግን አንድ መሠረታዊ ስህተት አለበት፤ ካሴትን የፊልም ወይም የዘፈን መያዣ ብቻ አድርጎ ያያል። እኔ ካሴቶቹን የላክሁት ፊልሞቹን ፈልጌ አይደለም። ፊልሞቹን ዛሬ ከእነዚህ ካሴቶች እጅግ በጠራ ምስል ማግኘት ይቻላል። የላክሁት ፊልሞቹን ያየንባቸውን ምሽቶች ፈልጌ ነው፤ ያ ደግሞ ከእነዚያ ክሮች በስተቀር የትም የለም።

የቪዲዮ ካሴት ክር በቀጭን ፕላስቲክ ላይ በማጣበቂያ የተቀባ የማግኔት ብናኝ ነው። ምስሉም ድምፁም ያለው በዚያ ብናኝ ውስጥ ስለሆነ፣ ማጣበቂያው በእርጥበት ሲደክም ወይም ክሩ ሲሻግት የተቀዳው ነገር አብሮ ይጎዳል። ይሁንና ከክሩ ይልቅ የሚያሳስበው ማጫወቻው ነው። ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቪኤችኤስ የተባለውን የቪዲዮ ካሴት ዓይነት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ዴክ ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ኩባንያ ፉናይ ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያሉት ዴኮች ቁጥራቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ክሩ የሚጠመጠምበት ከበሮ ያረጃል፣ ላስቲኩ ይላላል፣ መለዋወጫ የሚገኘው ከሌላ ዴክ ተነቅሎ ነው፣ ጠጋኞቹም አንድ በአንድ ጡረታ ይወጣሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ማኅደሮች ማኅበር ጋር ሆኖ፣ በማግኔት ክር ላይ ያለውን ቅርስ በስፋት የመገልበጥ ዕድል በ2025 ገደማ ሊዘጋ እንደሚችል ያስጠነቀቀውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ያን ማስጠንቀቂያ ካነበብኩ በኋላ ካርቶኑን ማቆየት አልቻልኩም።

ርክክቡ የተካሄደበት መንገድ ልቤን አሳርፎታል። ባለሙያው እያንዳንዱን ካሴት ፊቴ እያነሡ በመስኮቱ በኩል በባትሪ አበሩበት፤ ከዘጠኙ ቪዲዮዎች በሁለቱ ላይ፣ በተጠቀለለው ክር ጠርዝ ዙሪያ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ አገኙ። እነዚህን ወዲያው በየፕላስቲክ ከረጢታቸው ለይተው አስቀመጡ፤ የሻገተ ካሴት ዴክ ውስጥ ከገባ ሻጋታው ክሩን በሚያነበው የዴኩ ክፍል፣ «ሄድ» በሚባለው ላይ ይቀርና ቀጥሎ ለሚገባው ሁሉ ይተርፋልና። ለእነዚህ የተለየ ማጽጃ መሣሪያ አላቸው።

ከድምፅ ካሴቶቹ አንዱ ከብዙ ዓመት በፊት ቴፑ ክሩን በልቶት እህቴ በተራ ስኮች የቀጠለችው ነበር። የስኮቹ ሙጫ ከጊዜ ብዛት ቀልጦ የላይኛውንና የታችኛውን ጥምጥም አጣብቋቸዋል። ባለሙያው ሙጫውን በትዕግሥት አስለቅቀው፣ ለካሴት ክር ተብሎ በተሠራ መቀጠያ መልሰው አያያዙት፤ የጠፋው ክር ከአንድ ጣት ስፋት አይበልጥም። የሌላው ካሴት ችግር ደግሞ ክሩን ከሄዱ ጋር የምታስጠጋው ትንሿ ለስላሳ ንጣፍ ተላቃ መውደቋ ነበር። ክሩን በሙሉ አውጥተው ወደ አዲስ ቤት አዛወሩት፣ አሮጌውን ቤት ግን ሳይጥሉ ከነጽሑፉ መለሱልኝ። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ሆኖም አንድ ሰው የሌላውን ሰው ዕቃ እንዴት እንደሚይዝ የሚታወቀው በጥቃቅኑ ነው።

ስለ ጽሑፉ ካነሣሁ፣ ከአገልግሎቱ ሁሉ እጅግ የወደድኩት የእያንዳንዱን ካሴት ጀርባ ፎቶግራፍ አንሥተው ከፋይሉ ጋር ማስቀመጣቸውን ነው። አባቴ በካሴቶቹ ጀርባ ላይ የፊልሙን ስም፣ የተቀዳበትን ቀንና አንዳንዴም አጭር አስተያየት ይጽፍ ነበር። በአንዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አይደምሰስ» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል፤ በላዩ ላይ እንዳይቀዳ የምትከላከለውን የፕላስቲክ ጥርስ ሰብሯታል፤ በኋላ ደግሞ ሐሳቡን ለውጦ የተሰበረችበትን ቀዳዳ በፕላስተር ሸፍኖታል። በካሴቱ ላይ የተገኘው ፊልሙ እስከ አጋማሽ፣ ከዚያ ወዲያ የሙዚቃ ትርኢት ነው። በቤታችን ስለዚያ ካሴት የተነሣውን ክርክር አስታውሳለሁ። ፎቶግራፉ ባይኖር ኖሮ ፋይሉ ብቻውን ይህን ሁሉ አይነግረኝም ነበር።

የመገልበጡ ቴክኒክም የሚያስመሰግን ነው። ቪኤችኤስ ሲፈጠር ጀምሮ ዝርዝር የማያወጣ ሥርዓት ነው፤ በአግድም የሚለየው 240 መስመር ያህል ብቻ ስለሆነ ማንም ገልባጭ ከዚያ በላይ ሊያወጣለት አይችልም። የሚቻለው ያለውን ሳያበላሹ ማውጣት ነው። ክር ሲሳሳብና ሲለጠጥ እያንዳንዱ የምስል መስመር ከሰዓቱ ጥቂት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል፤ ቀጥ ያለ የበር መቃን በቆዩ ካሴቶች ላይ እንደ ጭስ የሚወዛወዘው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህ ሰዎች መስመሮቹን ለአፍታ ይዞ በሰዓታቸው የሚለቅ መሣሪያ ስለሚጠቀሙ የበሩ መቃን ቀጥ ብሎ ቆሟል። እቤት በፍላሽ መልክ ኮምፒውተር ላይ በሚሰካ ርካሽ መቀየሪያ ከዚህ በፊት ሞክሬ ነበር፤ ምስሉ ከመወዛወዙም በላይ፣ ክሩ በደከመበት ቦታ ሁሉ መቀየሪያው ምልክቱን እየሳተ ምስሉና ድምፁ ቀስ በቀስ እየተለያዩ፣ በሰዓቱ ማብቂያ ላይ ከንፈር ተንቀሳቅሶ ካበቃ በኋላ ቃል ይሰማ ነበር። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ለባለሙያ መክፈል ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም።

በድምፅ በኩል ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ አድርገዋል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው የድምፅ ካሴት ክሩ ከ4 ሚሊ ሜትር የጠበበ፣ በሰከንድ ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች የሚጓዝ ነው። በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ የመቅጃው ሄድ በፀጉር ስፋት ካዘነበለ፣ ማጫወቻውም በዚያው ልክ ካላዘነበለ በቀር ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። የእኛ ቤት ቴፕ ሄዱ ያዘነበለ እንደነበር ያወቅኩት አሁን ነው። ባለሙያው ለእያንዳንዱ ካሴት የማጫወቻውን ሄድ በብሎን እያስተካከሉ ስለገለበጡ፣ በልጅነቴ እንኳ ሰምቼው የማላውቀው የጸናጽል ድምፅ ከዘፈኖቹ ውስጥ ወጥቷል።

አንዱን ካሴት ሲገለብጡ ደውለው ጠየቁኝ። ዘፈኖቹ ወደ መጨረሻው ሲጠጉ ፍጥነታቸው እየጨመረ፣ የዘፋኞቹም ድምፅ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ምን ይደረግ? ምክንያቱን እኔ አውቀው ነበር። እህቴ በድንጋይ የሚሠራውን ቴፕ ድንጋዩ እስኪያልቅ ድረስ ትቀዳበት ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም ክሩ በዝግታ ይሄዳል፣ በዝግታ የተቀዳው ደግሞ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይሮጣል። ሁለቱንም እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው፤ የተስተካከለውንም ያልተስተካከለውንም ሰጡኝ። የሚያስቆጨው፣ በዚህ አንድ ካሴት ላይ ያደረጉትን መጠየቅ በሌሎቹ 13 ላይ አለማድረጋቸው ነው።

ፋይሎቹን እቤት ከፍቼ ማየት ስጀምር ደስታዬ እየቀነሰ ሄደ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት የሰዎቹ ፊት መወፈሩን ነው። የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ስፋቱ ለቁመቱ 4 ለ 3 ነበር፤ የተሰጡኝ ፋይሎች ግን በዛሬው 16 ለ 9 ስክሪን ላይ ጥቁር ጠርዝ እንዳይታይ ተብለው ወደ ጎን ተለጥጠዋል። መኪኖቹ ረዝመዋል፣ ክቡ ሰዓት እንቁላል ሆኗል። ይህ በአንድ ቁጥር ማስተካከያ የሚፈታ ስለሆነ ብዙ አልናገርበትም። ቀጥሎ ያገኘሁት ግን ከዚህ የከፋ ነው።

አባቴ አንድን ፊልም ለመቅዳት ሲፈልግ ከሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ቁልፉን ይጫን ነበር፤ መጀመሪያው እንዳያመልጠው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካሴት ራስ ላይ የዜናው ማብቂያ፣ የአየር ሁኔታው ዘገባ፣ ማስታወቂያዎቹ፣ ከዚያም አስተዋዋቂዋ ተቀምጣ ስለ ፊልሙ የምትናገረው ጥቂት ቃል አለ። በመካከል ማስታወቂያ ሲመጣ ክር ለመቆጠብ ቀረጻውን ያቆመዋል፤ ፊልሙ ሲመለስ ሁልጊዜ ትንሽ ስለሚዘገይ ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ የአንድ ዐረፍተ ነገር ግማሽ የለም። እኛ ልጆቹ እነዚያን ፊልሞች ከነመቋረጣቸው በቃላችን ነበር የምናውቃቸው። ባለታሪኩ በሩን ከፍቶ «እኔ ግን…» ሲል ምስሉ ይንቀጠቀጥና ሴትዮዋ እያለቀሰች ትገኛለች፤ ምን እንዳላት ለብዙ ዓመት አናውቅም ነበር፤ በየተራ እየፈጠርን እንሞላው ነበር።

በተሰጡኝ ፋይሎች ላይ ይህ ሁሉ የለም። ፊልሞቹ ከመጀመሪያው ርእስ ይጀምራሉ፣ «ተፈጸመ» ሲል ያበቃሉ። ዜናው፣ አስተዋዋቂዋ፣ አባቴ ዘግይቶ ያቆማቸው ማስታወቂያዎች ቁርጥራጭ፣ ከፊልሙ በኋላ የጣቢያው መዝጊያ፣ ሁሉም ተቆርጦ ወጥቷል። መቋረጦቹም በለስላሳ መሸጋገሪያ ተሸፍነዋል። አገልግሎቱ ይህን «ማጽዳት» ይለዋል፤ በሒሳቡም ውስጥ እንደ ስጦታ የተካተተ ሥራ ነው። ሠራተኞቹ በቅንነት እንደደከሙበት አልጠራጠርም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ 9 ካሴቶችን እያየ ነው የቆረጠው። የቆረጠው ግን የካሴቶቹን ብቸኛ ክፍል ነው፤ የተወልኝ በየትም የሚገኘውን ነው።

ይህን የምለው ስለ ቤተሰቤ ትዝታ ብቻ አይደለም። ማሪዮን ስቶክስ የተባሉ አሜሪካዊት የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መገባደጃ አንሥቶ በ2012 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የቴሌቪዥን ሥርጭትን ቀንና ሌሊት እየቀዱ 70,000 ያህል ካሴቶችን ትተዋል። ካሴቶቹ ዛሬ ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት እጅ ናቸው፤ ዋጋቸው ደግሞ ምንም ሳይመርጡና ሳይቆርጡ ከነማስታወቂያው መቅዳታቸው ላይ ነው። ሌላም ምሳሌ አለ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ ትርኢቶቹን ደምስሷል፤ ክር ውድ ስለነበር በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበት ነበር። «ዶክተር ሁ» ከተባለው ተከታታይ ብቻ ከ90 በላይ ክፍሎች ምስላቸው እስካሁን የለም። የእነዚያ ክፍሎች ድምፅ ግን ሁሉም ተርፏል፤ ያተረፉት ደግሞ በየቤታቸው ቴፕ ሪከርደራቸውን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው የቀዱ ተመልካቾች ናቸው። ባለቤቱ የጣለውን የጠበቁት እነዚህ ናቸውና፣ የማንንም ቤት ካሴት «ይህ አይጠቅምም» ብሎ ለመቁረጥ መቸኮል አይገባም።

አሁን ወደ ድምፁ ልመለስ፤ እውነተኛው ቅሬታዬ እዚያ ነውና። በሦስተኛው የድምፅ ካሴት ሁለተኛ ገጽ ላይ አንድ የፍቅር ዘፈን አለ። እህቴ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ሬዲዮውን ከቴፑ የሚያገናኝ ገመድ ስላልነበረን ቴፑን ከሬዲዮው ድምፅ ማጉያ ፊት ታስደግፍና ትጠብቃለች። የዚያ ዘመን ዘፈን ከሦስት ደቂቃ ብዙም አይረዝምም፤ በትንሿ ሸክላ አንድ ገጽ ላይ እንዲገባ ተብሎ የተሠራ ነው፤ አስተዋዋቂው ደግሞ ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ድረስ በመግቢያው ላይ ያወራል። ስለዚህ ቁልፉን የምትጫነው በአንድ ትንፋሽ ልዩነት ነው። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ ያህል እንደሄደ በር ሲከፈት ይሰማል። ከርቀት የእናቴ ድምፅ «ልጆች፣ እስካሁን አልተኛችሁም እንዴ?» ይላል። ወዲያው ከቴፑ አጠገብ የእህቴ ሹክሹክታ «እማዬ፣ ቆይ፣ እየቀዳሁ ነው» ይላል፤ በሩም ቀስ ብሎ ይዘጋል።

በተሰጠኝ ፋይል ላይ የክሩ ሹሽታ የለም፤ ዘፈኑ ጭር ባለ ክፍል ውስጥ የሚዘፈን ይመስላል። እናቴ በተናገረችበት ቦታ ላይ ግን ሰው ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚናገር የሚመስል እንግዳ ጉርምርምታ ብቻ አለ። የሆነውን መረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ሹሽታ የሚያጠፋ ሶፍትዌር ዘፈን ከሌለበት ቦታ የሹሽታውን ናሙና ይወስድና በቅጂው ሁሉ ላይ ያንን የመሰለውን ይቀንሳል። ጠንካራው ድምፅ ይተርፋል፤ ከሹሽታው ብዙም ከፍ የማይለው ደካማ ድምፅ ግን አብሮ ይፈጫል። ከሬዲዮው በቅርብ የሚወጣው ዘፈን ጠንካራ ነው፤ በር ላይ የቆመችው እናቴ ደካማ ናት። ሶፍትዌሩ የትኛው እንደሚበልጥብን ሊያውቅ አይችልም። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ከዚያች አንዲት ጥያቄ በቀር ድምፅዋ የተቀዳበት ሌላ ቦታ የለንም።

ፋይሉን ሰምቼ በነጋታው ደወልኩ። ስለ አገልግሎቱ እንድጽፍ ያደረገኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያልተነካውን ቅጂ፣ ማለትም ከካሴቱ በቀጥታ የወረደውን፣ ከርክክብ በኋላ ለ30 ቀናት ያቆዩታል፤ እኔ የደወልኩት በ9ኛው ቀን ነበር። ባለሙያው ቅሬታዬን ሳይከላከሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፣ የዘፈኑን ደቂቃና ሰከንድ ጠየቁኝ፣ ራሳቸው ከፍተው አዳመጡትና «አሁን ሰማኋቸው፤ እናትዎ ናቸው?» አሉኝ። የ14ቱንም ካሴቶች ያልተቆረጠና ያልጸዳ ቅጂ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሃርድ ዲስክ ላኩልኝ። ቪዲዮዎቹንም በ4 ለ 3 መልሰው አወጧቸው። ስህተትን እንዲህ የሚያርም አገልግሎት ጥቂት ነው፤ ይሁንና በ31ኛው ቀን ደውዬ ቢሆን ኖሮ ካሴቱን እንደገና ማስገልበጥ ነበረብኝ፣ አንድ ጊዜ የተጠገነ ክር ደግሞ ለሁለተኛ ዙር እንደሚበቃ ማንም አይምልም።

አንድ ነገር ብቻ አሁንም አልተስተካከለም፤ እርሱም የሙዚቃ ትርኢቶቹን ይመለከታል። በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል በሚተላለፍበት የቴሌቪዥን ሥርዓት እያንዳንዱ ምስል በሁለት ይከፈላል፦ 1ኛው፣ 3ኛው፣ 5ኛው እያለ የሚሄደው መስመር ቀድሞ ይላካል፤ 2ኛው፣ 4ኛው፣ 6ኛው ደግሞ ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ይከተላል። የሲኒማ ፊልም ሲሆን ሁለቱ ግማሾች የአንድ ቅጽበት ስለሆኑ 25 አድርጎ መገልበጡ ምንም አያጎድልም። በስቱዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ትርኢት ግን በሰከንድ 50 የተለያዩ ቅጽበቶች አሉት፤ የቆየ ቴሌቪዥን ሰዎቹ እዚያው ሳሎን ውስጥ ያሉ የሚያስመስል ሕያው እንቅስቃሴ የነበረው ስለዚህ ነው። አገልግሎቱ ሁሉንም በ25 ስለሚያወጣ የከበሮ መቺው እጅ በፋይሉ ላይ ይዘላል፤ በካሴቱ ላይ ግን ይፈስ ነበር። በ50 እንዲያወጡልኝ ስጠይቅ የሚጠቀሙበት አሠራር ለሁሉም አንድ እንደሆነ ነገሩኝ። ለቆየ ቴሌቪዥን ፍቅር ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ከአገልግሎቱ ጥቂት ፈቀቅ የሚል ነገር ላንሣ። ከፊልሞቹ አንዱ ታድሶ የወጣውን ዲስክ ገዝቼ ከአባቴ ቅጂ ጋር አነጻጽሬዋለሁ። ዲስኩ ድንቅ ነው፤ የተዋናይዋ ዓይን ውስጥ የመብራቱን ነጸብራቅ አየሁ። ሙዚቃው ግን የዘገየና የወፈረ መሰለኝ፣ ጆሮዬ አላምን አለ። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ይቀረጻል፤ በ25 በሚሠራ ቴሌቪዥን ላይ ሲተላለፍ ብዙውን ጊዜ በዚያው ፍጥነት እንዲሄድ ይደረጋል፤ በዚህም 100 ደቂቃ የነበረው በ96 ደቂቃ ያልቃል፣ ድምፁም በዚያው መጠን ይቀጥናል። ስለዚህ ትክክለኛው ዲስኩ ነው፤ እኛ በልጅነታችን ያፏጨነው ዜማ ከደራሲው ዜማ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ሁለቱንም ማስቀመጥ የምፈልገው ለዚህ ነው፤ አንዱ የፊልሙ ነው፣ ሌላው የእኛ ነው።

ፋብሪካ ቀድቶ የሸጣቸውን ካሴቶች አገልግሎቱ አይቀበልም፤ የቅጂ መብት ስላለባቸው ነው፤ ትክክል አድርጓል። የክፍያው ስሌትም ግልጽ ነው፤ በካሴት ቁጥር ሳይሆን በተቀዳው ሰዓት ስለሆነ ባዶ ሆኖ ለተገኘው አንድ ካሴት ምንም አልተጠየቅኩም። ሰባት ሳምንት ግን ረጅም ነው፣ በመካከሉ ያለ ጥያቄዬ የደረሰኝ ወሬም ያ አንድ ስልክ ብቻ ነው።

ለዚህ ወይም ለሌላ ተመሳሳይ አገልግሎት ካሴቱን የሚሰጥ ሰው በቅጹ ላይ በጽሑፍ ሊያሰፍር የሚገባው ከካሴቱ በቀጥታ የወረደውን፣ ያልተቆረጠና ያልጸዳ ፋይል እንዲሰጡት ነው። የጸዳውን ከዚያ በኋላ መቼም ማሠራት ይቻላል፤ ከጸዳው ተነሥቶ ወደ ያልጸዳው መመለስ ግን አይቻልም። ለድምፅ ደግሞ ኤምፒ3 ብቻ ከመቀበል ያልታመቀውን መጠየቅ ይሻላል፤ ቦታ ይይዛል፣ ነገር ግን አምስት ካሴት ማንኛውም ሃርድ ዲስክ ይበቃዋል። ካሴቶቹንም ከተገለበጡ በኋላ መጣል አያስፈልግም።

ያልጸዳው ቅጂ በደረሰኝ ሳምንት እህቴን ጠርቼ የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋት። ምን እንደምትሰማ አልነገርኳትም። ዘፈኑ ሲጀምር ፈገግ ብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራ ትዘፍን ነበር፤ በሩ ሲከፈት ቆመች። ሲያልቅ «ከበሩ ጀምረህ መልሰው» አለችኝ። መለስኩት።

ከእህቴ ቤት የተገኙ ሌሎች 6 ካሴቶችን ባለፈው ሳምንት ለእነዚሁ ሰዎች ልከናል። በቅጹ ላይ ያለውን «ማጽዳት» የሚለውን አማራጭ ሰርዘን፣ ከጎኑ በእጃችን «ሹሽታውም፣ በሩም፣ ማስታወቂያውም ይቅር» ብለን ጽፈንበታል። ባለሙያው ቅጹን አንብበው «ይቅር ስትሉ ይተው ነው ወይስ ይኑር?» ብለው ደወሉ። ይኑር ማለታችን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ እርሳቸውም በቅጹ ላይ ቃሉን አርመው ፎቶግራፉን ላኩልኝ።